አረንጓዴው ክርና የባላምባራስ መርሻ ፍርድ

የሰፈሩ ዳኛ ባላምባራስ መርሻ ከፍርድ ሲመለሱ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የወንድማቸውን ልጅ እምሩን አገኙት። እምሩ ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው።

"ከወዴት ይመጣሉ፣ ጋሼ?"

"ከፍርድ። ያቺ የጥለት ክር ቀለም የምትነክረው ነሲባ፣ አረንጓዴ ክሯን ምንጩ ውስጥ እየጣለች ሰፈሩን በሆድ ቁርጠት ጨረሰችው። በሦስት ቀን ትውጣልን ብዬ ፈረድኩ።"

"ባሏ ሞቶባት ልጆች ታሳድግ የለ? ወዴት ትግባ?"

"እሱን እሷ ታውቃለች" አሉ፤ ልባቸው ግን አልቆረጠም። መፍረድስ ማንም ይፈርዳል፤ ፈርዶ እንቅልፍ ማግኘት ነው ጭንቁ።

"እስኪ ክሩን ያሳዩኝ።"

ምንጩ ወዳለበት ወደ ባላምባራስ አጥር ግርጌ ወረዱ። እምሩ እጁን ነክሮ እፍኝ ሙሉ አረንጓዴ ነገር አወጣ፤ እንደ ተልባ ያሟልጫል።

"ይሹት እስቲ። ጥጥ ነው?"

ቢያሹት በጣታቸው መካከል ፈረጠ። "ጥጥስ አይደለም። እንግዲያ ጋኔን ነው!"

"ጋኔን ፀሐይ ይወዳል እንዴ?" እምሩ ብርሌ አስመጥቶ ውሃ ሞላበት፤ ክሩን ጨምሮ ፀሐይ ላይ አኖረው። ቆይቶ ጥቃቅን አረፋ ክሩን ወደ ላይ አነሣው። በባርኔጣው ሲጋርደው አረፋው ቆመ።

"ተክል ነው፣ ጋሼ። ሥር የለው፣ ቅጠል የለው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያበጃል። አረፋው የሚያወጣው ንጹሕ አየር ነው።"

ቀጥሎ ከውጭ ያመጣውን የነሐስ ማጉያ መነጽር ክሩ ላይ ደግኖ አስጎነበሳቸው።

"በስመ አብ! ክሩ ውስጥ አረንጓዴ ጥብጣብ ተጠማዟል! ማን ጠመዘዘው?"

"ነሲባ አይደለችም" አለ እምሩ። "ሲራባ ደግሞ ሁለት ክር ጎን ለጎን ተኝቶ ይገናኛል፤ የአንዱ አካል ወደ ሌላው ይፈስሳል። ከዚያ የሚገኘው ዘር ምንጩ ቢደርቅ እንኳ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል።"

"ታዲያ ዘንድሮ ምን አበዛው?"

"ፀሐይ፣ የቆመ ውሃና ፍግ። ጥላ የነበረውን ዛፍ ማን አስቆረጠው?"

"እኔ። ለአጥር።"

"እዚህ እየጠጣች ፍግ የምትጥለውስ በቅሎ የማን ናት?"

ባላምባራስ ወደ ራሳቸው በረት ዞር ብለው አዩ። በቅሎዋ የማን እንደሆነች ሰፈሩ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ተብሎ የለ!

"ሆድ የሚቆርጠው ክሩ አይደለም፣ ከፍጉ የሚመጣው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው። ለከብት ገንዳ ይበጅ፣ ምንጩ ይከደን፣ የቆመው ውሃ ይፍሰስ፣ የሚጠጣውም ይፍላ።"

 ጥፋቱን ቢያምኑ የባላምባራስ ስም ሊዋረድ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ የሙት ልጆች ሊበተኑ ነው። ተነሡና ወደ ነሲባ ደጅ ሄዱ። ሴትዮዋ ከሰፈሩ ለመውጣት እንስራዋን በገመድ ስታስር ደረሱ። ለእንደራሴ ካልሆነ አደግድገው የማያውቁት ሰው ነጠላቸውን አደገደጉ።

"ወይዘሮ ነሲባ፣ ጥፋቱ የእኔና የበቅሎዬ ነው። አፉ ይበሉኝ።"

ነሲባ ዕንባዋ መጣ። "አፉ ብያለሁ፣ አላህም አፉ ይበልዎ። ግን ባላምባራስ፣ በሰው ፊት የፈረዱብኝን በሰው ፊት ያንሱልኝ።"

"ይገባል!"

እሑድ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ሁሉን ከራሳቸው አንደበት ሰማ። ገንዳው ተሠራ፣ ምንጩ በድንጋይ ተከደነ፤ ወር ሳይሞላ የሕፃናቱ ሆድ ቁርጠት ታገሠ፣ ሐኪም ፍለጋ መንከራተቱም ቀረ። መሳሳትን ማመን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ምንጩ የተመረቀ ዕለት ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ተራ ሲይዙ፣ ባላምባራስ ሰልፉን ተመለከቱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወይዘሮ ነሲባ ይቅዱ መጀመሪያ!" አሉ።