አያቴ በፈረንሳይ ገጠር ጸበል ያገኙ ዕለት

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደሎቹም ይምታቱብኛል። ትምህርት ቤት የምጽፈው በኖርዌይኛ ነው፤ ባርነስኩለንም፣ የልጆቹን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጨረስኩት ገና ዘንድሮ ነው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚያስተምረን ዲያቆን «የአንድ ትልቅ ሰው ጨዋታ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጽፋችሁ አምጡ» ስላለን፣ አያቴ እማማ ብዙነሽ ጎረቤታቸውን እማማ ለተብርሃንን ሲያጫውቱ ጥግ ይዤ ጻፍኩ። የአያቴ ቤት ሞርተንሩድ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። እማማ ለተብርሃን ኤርትራዊት ናቸው፤ ከግቢው ማዶ ፊት ለፊት ይኖራሉ። ከዚህ በታች ያለው የአያቴ ቃል ነው። የተሳሳተ ካለ የእኔ ነው።

በእኛ ጊዜ ሰው መንገድ የሚወጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ንግሥ አለ፣ ትሄጃለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ አበቃ። ዝም ብሎ ጫካ ለጫካ የሚዞር ሰው ካየን «ምን ጠፋብህ?» ነው የምንለው፣ አይደለም እንዴ ለተብርሃን? ታዲያ ልጄ ሰናይት አምና በነሐሴ መጣችና «እማዬ፣ ፈረንሳይ ገጠር ቤት ተከራይቻለሁ፣ ማሂን ይዘን እንሄዳለን» አለችኝ። (ማሂ እኔ ነኝ።)

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም! በእግራችን ልንሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ወዴትም! ጫካውን፣ ግንቡን፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያኑን እያየን።»

«በአውሮፕላን ሄጄ በእግሬ ልሄድ?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ነገሩ ግን የጫካ ነገር አልነበረም። አንቺ ታውቂያለሽ፣ በበረዶው ጊዜ ደጃፍ ላይ አዳልጦኝ ከወደቅኩ ወዲህ ሰናይት እንቅልፍ የላትም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ቤቱ ፎቅ ነው፣ የሚያወጣ የሚያወርድ ሄይስ የለውም፣ ሁሌ በደረጃ ነው፣ እና ባየችኝ ቁጥር «እማዬ፣ የኮሙኑ ማዘጋጃ ቤት ለትልልቅ ሰዎች ጥሩ ቤት አለው፣ ምድር ቤት ነው፣ ደወል አለው፣ ስትጫኚው ሰው ይመጣል» ትለኛለች። «ደወል የምጫን በሽተኛ ነኝ?» እላታለሁ። እሷ ትቆጣለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ተኳርፈን እንለያያለን፣ እና በማግስቱ እንደገና። ታዲያ ያን ቀን ምን አለችኝ፣ «አንድ ሳምንት አብረሽኝ ተጓዢ። እግርሽ ከቻለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ካልቻለ ግን ስንመለስ ለኮሙኑ እናመለክታለን።» እሺ አልኳት። ምን ልበል? ቤቴ ነው እኮ! ባሌን የሸኘሁበት፣ ልጄን ያሳደግኩበት ቤቴ። እና ለቤቴ ስል ሄድኩ።

እና ደረስን። አቤት አገሩ! ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ግን ከድንጋዩ መሀል አበባ ይወጣል። ፀሐዩ ደግሞ አጥንት ድረስ የሚገባ፣ የእኛን አገር ፀሐይ የመሰለ። መጀመሪያ ኮረብታ ላይ ያለ የፈረሰ ግንብ ወሰደችኝ። ሰናይት ሰሌዳውን እያነበበች «ይሄን ያሠራው መስፍን እንዲህ ነበር፣ ሚስቱ እንዲያ ነበረች» ትለኛለች፣ እኔ ደረጃውን ነው የማየው፣ ጠመዝማዛ፣ የሰው እግር የበላው። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ማነው የሚያጸዳው?» አልኳት። ስቃ ልትሞት! ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳጸዳ ኖሬ ሌላ ምን ይታየኛል?

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት ሄድን። እኔ በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ።

«እማዬ፣ እዚህ አገር አይወለቅም» አለች።

«እግዚአብሔር ያው ነው፣ አውልቂ!» አልኳት። ሦስታችንም አውልቀን ገባን። ታዲያ ከኋላችን አንድ አውቶቡስ ሙሉ አገር ጎብኚ መጣ፤ የእኛን ጫማ ሲያዩ ደንቡ መስሏቸው እነሱም ማውለቅ! ጸሎቴን ጨርሼ ዞር ስል ያ ሁሉ ፈረንጅ በካልሲ ቆሟል! ቁልፍ ያዡ ሰውዬ መጣ፣ በሩ ላይ የጫማ ገበያ ተዘርግቷል፣ አየ፣ ራሱን አከከ፣ እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሱም ቀስ ብሎ አወለቀ!

(እዚህ ላይ እማማ ለተብርሃን «እዋይ! ፈረንሳይን ሥርዓት አስያዝሽው በይኛ!» አሉ።)

ታዲያስ! ግን ሦስተኛው ቀን መጣ። ረጅሙ የጫካ መንገድ። ዛፉ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ እሱን እየተከተልሽ ነው የምትሄጂው። ጾም ነው፣ ፍልሰታ፣ እህል አልቀመስኩም፣ እና ጉልበቴ እንደ ጥርስ ይቆረጥመኛል። ሰናይት እንዳታውቅብኝ እቆምና «ማሂ፣ ይሄ አበባ ምን ይባላል?» እላለሁ። ልጅቷ ምን ታውቃለች፣ ግን ገብቷታል መሰለኝ፣ እስካርፍ ድረስ ስልኳን አውጥታ ያንኑ አበባ ደጋግማ ፎቶ ታነሣለች። ሰናይት ግን ሥራዋ ላይ በሽተኛ ስታነሣ ስታስተኛ የምትውል ልጅ፣ ትታለላለች?

«ጉልበትሽ ነው» አለች።

«አበባ ነው!»

«ጉልበትሽ ነው፣ እማዬ። እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጡ፣ መኪናውን ላምጣ።»

ፊቷን አየሁት። አልተቆጣችም። የባሰው እሱ ነው፣ አዘነችልኝ። በቃ ብዙነሽ፣ ቤትሽ ሄደ አልኩ በሆዴ።

እሷ ሄደች። ኮቴዋ ሲርቅ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ተነሣሁ፣ ማሂን ደገፍ ብዬ ቁልቁል ወረድኩ። ታዲያ ምን ልይ! የድንጋይ ምሰሶ፣ ጣራ፣ ከአለቱ ውስጥ ኩልል ብሎ የሚወርድ ውኃ፣ ሥሩ በድንጋይ የተገደበ ገንዳ፣ እና ከላይ ግድግዳው ውስጥ ትንሽዬ የእመቤታችን ምስል! «ጸበል!» አልኩ። በእሷ ጾም፣ በጭንቀቴ ቀን፣ ራሷ መራችኝ! እልልታዬን አቀለጥኩት። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ከነቀሚሴ ገባሁ። «ማሂ፣ ሽክና ፈልጊና አፍስሺብኝ!» ልጅቷ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ይዛ ታፈስብኛለች፣ እኔ «እመቤቴ ማርያም፣ ከቤቴ አታስወጪኝ! ከቤቴ አታስወጪኝ!» እያልኩ እንባዬና ውኃው አንድ ላይ።

ቀና ስል አንዲት አሮጊት ቆማለች። ከእኔ ትበልጣለች፣ ሽርጥ አድርጋለች፣ አፏን ይዛ ታየኛለች። እሷም ለጸበል የመጣች መስሎኝ «ግቡ እንጂ እናቴ፣ ምን ይጠብቃሉ!» አልኳት በአማርኛ። ሳቀች። እጇን እንዲህ እንዲህ፣ ፈተግ ፈተግ አደረገች፣ ጭምቅ አደረገች። «ምን አለች?» አልኳት ማሂን። ማሂ ስልኳን ዘረጋችላት፣ ሴትዮዋ ተናገረች፣ ማሂ አነበበች፣ እና ቲማቲም መሰለች።

«ምን አለች ነው የምልሽ?»

«እማማ... የልብስ ማጠቢያ ነው ይላሉ። ድሮ መንደሩ በሙሉ እዚህ ነበር የሚያጥበው። እናታቸው የቤቱን ሰው ሙታንታ...»

ለተብርሃን ሙች፣ እዚያው ውኃው ውስጥ ቁጭ አልኩ! ከዚያ እሷ ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ ሳቁ አላነሣን አለ። በመጨረሻ እጇን ሰጥታ አወጣችኝ።

ስሟ ኢቬት ነው። ማዳም ኢቬት። ቤቷ እዚያው ከውኃው በላይ ነው፣ ወሰደችኝ፣ የራሷን ደረቅ ቀሚስ ሰጠችኝ። ጫማዬን እዚያው ረስቼው ማሂን ላክኋት፣ ቆየች ልጅቷ፣ ምን እንዳስቆያት እንጃ። ማዳሟ ገበታ ዘረጋች፣ አይብ፣ የሥጋ ዓይነት። እኔ ግድግዳዋ ላይ ያለውን የማርያም ሥዕል አሳየኋት፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ወዲያው ገባት! አይቡንም ሥጋውንም አነሣችና ዳቦ፣ ቲማቲምና ኮክ አመጣች፣ እና እሷም ከእኔ ጋር ያንኑ በላች። ብቻዬን እንዳልጾም እኮ ነው! እስቲ ይሄን ምን ትይዋለሽ?

መኝታዋ ላይኛው ቤት ነው፣ ልታሳየኝ ወጣን። ደረጃው የቆጥ መሰላል በይው፣ ግን ግድግዳው ላይ ወፍራም ገመድ ከላይ እስከ ታች አስራለች፣ እሱን ይዛ ነው የምትወጣ። ታዲያ በገመዱ ስወርድ ሰናይት በሩን በርግዳ ገባች። «እማዬ! የት ገባሽ! ጫካ ለጫካ ስጮህ!» እኔ የፈረንሳይ ቀሚስ ለብሼ፣ ኮክ በእጄ ይዤ። ገመዱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ማዳሟን በስልኩ እያስተረጎመች ጠየቀቻት፦ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን።»

«አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

ማዳሟ የመስኮቷን የእንጨት መዝጊያ አሳየቻት። «ጠዋት ይሄን እከፍታለሁ። ካልተከፈተ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ትመጣለች። የእሷ ካልተከፈተ እኔ እሄዳለሁ» አለች። በቃ፣ ይሄው ነው። እንደ ቀላል ነገር ነገረቻት።

መኪናው ውስጥ ገባን። ብዙ ከሄድን በኋላ መንገዱን እያየች፣ «እማዬ፣ እማማ ለተብርሃን ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሡት?» አለችኝ።

(እማማ ለተብርሃን «እኔማ ሳይነጋ ነው የምነሣ! እንቅልፍ የት አለ!» አሉ።)

እኔም እንደዚያው ነው ያልኳት! እና ይኸው ዓመት ሊሆን ነው፣ እኔ መጋረጃዬን እገልጣለሁ፣ አንቺ ትገልጫለሽ፣ እጃችንን እናወዛውዛለን። ደረጃው ግራና ቀኝ መያዣ ተሠራለት። የኮሙኑ ቤት ነገር ቀረ።

(«ባለፈው ሳምንት ግን አርፍደሽ ነፍሴን አወጣሽው!» አሉ እማማ ለተብርሃን። «በሌሊት ልብሴ ግቢውን አቋርጬ በሩን ስደበድብ፣ አንቺ ለካ ታንኮራፊያለሽ!»)

መጣሽ አይደል? ይበቃኛል። ለማዳሟ ዕድሜ ይስጣት፣ ልጄንም እግዚአብሔር ይባርካት፣ ክፉ አስባብኝ አልነበረም፣ ሲገባት ደግሞ እልኸኛ አይደለችም። ጉልበቴ እንደሆነ አልዳነም፣ አሁንም ይቆረጥመኛል። ቤቴ ግን ይኸው፣ ተቀምጬበታለሁ። ጸበል አልነበረም አሉ፤ አይሁን!

«በማዳሟ እናት ሙታንታ ተፈወስሽ!» አሉ እማማ ለተብርሃን፣ እና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

የአያቴ ቃል እዚህ ላይ አለቀ። «ምን እንዳስቆያት እንጃ» ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ መጻፌን ቀጠልኩ። ትምህርት ቤት መምህራችን ስትጠራኝ እንኳ ድምፄ አይወጣም። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን እዚህ ልጻፈው። ጫማውን ላመጣ ስመለስ ገንዳው ዳር ተንበረከክሁ። ልብስ ማጠቢያ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ፊቴን ታጠብኩ፣ እና ሰው ቢሰማም ይስማ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አያቴን ከቤታቸው እንዳታስወጣብኝ እመቤታችንን ለመንኳት።