የቆርቆሮ ቤት ጭሰኛ

ከአሰላ ፍርድ ቤት እስከ ጸሐፊው አቶ ገብረ መድህን ቤት የሚወስደው መንገድ አጭርና ደልዳላ ነበር። እርሳቸው ግን ያን ሰሞን በእሱ አይሄዱም። ከባሕር ዛፉ ሥር ወርደው፣ ጅረቱን ዘለው፣ በሰው ጓሮ እየታከኩ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየዋጣቸው ነበር ቤታቸው የሚገቡት። ምን ነካቸው ትሉ ይሆናል። በዋናው መንገድ ላይ የአቶ ወልደጻድቅ ሱቅ አለ። አቶ ወልደጻድቅ እርሳቸው የተከራዩት የቆርቆሮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ የሁለት ወር ኪራይም አልተከፈላቸውም። ትናንት ደግሞ «እስከ ቅዳሜ ካልከፈለ ዕቃውን ከነሚስቱ ደጅ አወጣዋለሁ» ብለው ልከውባቸዋል። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ያውም የአሰላ ሐምሌ!

ከዚህ የባሰ ሌላ ፍርሃት ደግሞ ነበረባቸው። ሚስታቸው የሺሃረግ ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛውን ልጅ በምጥ አጥታ፣ እሷም ለጥቂት ነበር የተረፈችው። የክሊኒኩ ድሬሰር «አሁንስ ምጥ ሲጀምራት ሳትውሉ ሳታድሩ ናዝሬት ሐኪም ቤት አድርሷት፤ እዚህ አንችላትም» ብሎ አስጠንቅቋል። ለመኪናው የሚከፈል ግን በቤቱ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም የለም።

ያን ዕለት በጓሮ ሲያልፉ በረዶ ወረደ። ሮጠው ከአንዲት የሣር ቤት ጥግ ተጠለሉ። ከጀርባቸው በሩ ሲከፈት ጊዜ ደንግጠው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ በረዶው ይደበድብዎታል!» አለ ወጣቱ መምህር ፍሰሐ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ከቤቲቱ ባለቤት ከወይዘሮ ሀሊሜ ክፍሎች አንዷን የተከራየ ልጅ ነው።

አቶ ገብረ መድህን እያመነቱ ገቡ። መሬቱ ደረቅ፣ ግድግዳው በደንብ የተመረገ፣ መስኮቱ ብርሃን የሚያስገባ ቤት ነው።

«በዚህ ጓሮ ሲያልፉ ማየት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። በደህና ነው?»

«በደህና ነው ልጄ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«በዚህ ጭቃ?»

ሰው የያዘውን ፍርሃት ለብቻው ሲሸከም ከርሞ አንድ ደግ ቃል ሲሰማ ይፈነዳል። አቶ ገብረ መድህንም ቅዳሜን፣ አቶ ወልደጻድቅን፣ የሺሃረግን፣ ሁሉንም አወጡት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ከዚያ ቤት ለምን አይወጡም?»

«ምን ትላለህ አንተ! የመንግሥት ጸሐፊ እኮ ነኝ! ባለጉዳይ ከሣር ቤት ስወጣ ቢያየኝ ያከብረኛል? ሰው ምን ይለኛል?»

«አይቆጡኝና፣ አሁን በጓሮ የሚሸሹት ከዚሁ ሰው አይደለም እንዴ? ለመሆኑ ቤቱ እንዴት ነው?»

«ቆርቆሮው አዲስ ነው። ሳሎኑ ሰፊ። ባለመስታወት ቁም ሳጥን ገዝቼበታለሁ።»

«ጓዳውስ?»

«እሱንስ ተወው፤ ውስጡን ለቄስ ነው» አሉና ሳይወዱ ሳቁ።

ፍሰሐ ግን አልሳቀም። ከነገሩ የራቀ የሚመስል ጥያቄ አነሣ።

«ዛሬ በችሎት ምን ሲጽፉ ዋሉ?»

«ምን ይጻፋል፤ ያው የጭሰኛና የባለመሬት ክርክር ነው። ከሲሬ በኩል የመጣ አንድ ምስኪን አለ፣ እኩል አራሽ። ካመረተው ግማሹን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። በቀረው ዘር ያስቀምጣል፣ በሬ ይቀልባል፣ ልጆች ያሳድጋል። ስጽፍ አንጀቴን በላው። እኩል እየሰጠ ሰው እንዴት ይኖራል?»

«እውነት ነው፤ አይኖርም። የእርስዎ ደመወዝ ስንት ነው ጋሼ?»

«ሃምሳ ብር።»

«ኪራዩስ?»

«ሃያ አም...» አቶ ገብረ መድህን ቃሉን አልጨረሱትም።

በረዶው ቆሞ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ጸሐፊው እጃቸውን ተመለከቱ፤ የጭሰኛውን ብሶት ሲጽፍ የዋለው ቀለም ገና ጣታቸው ላይ ነበር።

«ለካ እኔም እኩል አራሽ ኖሬአለሁ!»

«ይቅር ይበሉኝና የእርስዎ ይብሳል። እሱ መሬት የለው፣ ምርጫ የለው። እርስዎን ግን ማን አስገደደዎት?»

«ወይ ጉድ! እሺ፣ ስንት ይበጃል ታዲያ? አንተ የተማርከው፣ ንገረኛ!»

«እርቦ ይበቃል፤ ከአራት አንድ። ከዚያ በላይ ለቤት የሚከፍል ሰው የዘር እህሉን እየበላ ነው። ገበሬ ቢርበው እንኳ ዘሩን አይነካም፤ ለከርሞ ምን ሊዘራ? የእኛ የደመወዝተኞች ዘር ደግሞ ለክፉ ቀን የምናስቀምጠው ነው።»

ክፉ ቀን የሚለው ቃል አቶ ገብረ መድህንን ልባቸው ላይ ወጋቸው። ግን ሽማግሌ ቶሎ አይረታም።

«ርካሽ ቤት ብዬ ገብቼ ሚስቴን ብርድ ቢያስመታትስ?»

«እሱማ ልክ ነዎት። ረግረግ ላይ ያለ፣ የሚያፈስ ቤት በነጻም አይገባበት፤ ከኪራይ የተረፈው ለሐኪም ይሄዳል። መሬቱ ደረቅ፣ ውኃው ቅርብ ይሁን እንጂ የሳሎን ስፋት ለማን ይጠቅማል? አባቶቻችን እኮ እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም ብለዋል። የወይዘሮ ሀሊሜ ሁለት ክፍል አጠገቤ ባዶ ነው፤ አሥር ብር።»

አቶ ገብረ መድህን ማታ ለሚስታቸው እየፈሩ ነገሯት። ታለቅሳለች ብለው ነበር።

«እኔማ መቼ ትለኛለህ እያልኩ ነበር!» አለች የሺሃረግ። «በር በተንኳኳ ቁጥር ልጁ ሆዴ ውስጥ አብሮኝ ይደነግጣል። ሳሎኑን ለሚወደው ተውለት።»

ዓርብ ዕለት በዋናው መንገድ ሄዱ። ሱቁ ደጃፍ ደረሱ።

«ኧረ ማነህ፣ ከሞት ተነሣህ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ቤቱን ልለቅልዎ መጣሁ። ለውዝፉ ባለመስታወቱን ቁም ሳጥን ይውሰዱ።»

ባለሱቁ አጉረመረሙ፣ ዋጋ አጣጣሉ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። አቶ ገብረ መድህን በሱቁ መጋረጃ ቀዳዳ ወደ ጀርባ ቢያዩ አንዲት ጠባብ ክፍልና አንድ የጠፍር አልጋ ታያቸው። የአምስት ቆርቆሮ ቤት ጌታ የሚያድሩት እዚያ ነበር! ይህን ድሮም ያውቁ ነበር፤ አስተውለውት ግን አያውቁም።

ወደ ሣር ቤቱ ሲገቡ የሳቀ ሰው አልጠፋም። የሳቀውም ሳይመሽ ረሳው። ባለጉዳዩም እንደ ድሮው «ጌታዬ» ማለቱን አልተወም።

መስከረም በጠባ ሰሞን ጎሕ ሲቀድ ምጡ ጀመረ። አቶ ገብረ መድህን ቢደነግጡም እጃቸው ባዶ አልነበረም፤ ከሁለት ደመወዝ ያተረፉት ከትራሳቸው ሥር ተቋጥሮ ይጠብቅ ነበር። መኪና ተከራዩ። የዴራን ከተማ ሲያልፉ የሺሃረግ ማቃሰቷን አቆመች፤ ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራቸው። እጇን ይዘው «አለሽ? አለሽ?» እያሉ ናዝሬት ደረሱ። ቀን ከፍ ሲል ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሁለቱንም ባጣን ነበር» አላቸው። ሴት ልጅ ነበረች። አቶ ገብረ መድህን ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እንግዲህ ደመወዝተኛ ሆይ፣ ለቤትህ ከአራት አንዱን ስጥ። ሦስቱ እህል ይሆንልሃል፣ ልብስ ይሆንልሃል፣ በክፉ ቀን መኪና ይሆንልሃል። መንገዱም ያጥርልሃል።

ጥቅምት ላይ አቶ ገብረ መድህን በዋናው መንገድ ሲመለሱ የድሮ ቤታቸውን አዩት። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣ ካሣዬ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ተከራይቶታል። መጋረጃው በጣት ያህል ተከፈተና ወዲያው ተዘጋ። አቶ ገብረ መድህን ያንን መጋረጃ ያውቁታል። ሄደው አንኳኩ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ በበሩ ስንጥቅ። «ባለቤቱ አይደለሁም። ከአንተ በፊት እዚህ ስደበቅ የነበርኩት ነኝ፤ ክፈትልኝ።»