ለሰኞ የታሰበው አቀባበል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነበር። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከአንዲት ሠራተኛው ጋር ተቀምጧል። ጆሮዬ ገና ደህና ነው። በጸጥታው ችግር መንገዱ አስጊ ሆኖ ሠራተኛው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ በስልክ ሲሠራ ከርሟል፤ ሰኞ ወደ ቢሮ ሊመልሳቸው ነው።

«ሉባባ፣ ወደው እንዲመጡ ነው የምፈልገው፤ በግድ አይደለም» አላት።

«በምን ይወዱታል፣ ጋሼ?»

«ሰርቪስ አለ። አርብ ከሰዓት ቤታችሁ ናችሁ። የሕፃናት ማቆያ ክፍልም አሳድሻለሁ።»

«እሱን የጠየቀችው ዘይነባ ነበረች።»

«አዎ፣ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ሪባኑን እሷ ናት የምትቆርጠው። ግን ስልክ አታነሳም፤ ተቀይማኝ ነው መሰለኝ።»

«ዘይነባኮ የለችም፣ ጋሼ።»

«ወዴት ተዛወረች?»

«በወሊድ ሞተች። ክረምት ላይ፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ። ከላላ ነው የተቀበረችው።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

«እርስዎ ሲደውሉ ‹ሪፖርቱ ደረሰ ወይ› ነው የሚሉት። ‹ደርሷል› እንላለን፤ ይዘጉታል።»

«ልጁስ?»

«ሴት ናት። አያቷ ይዘዋታል።»

«ታዲያ ሰኞን ምን ላድርገው? ለስላሳው ሁሉ ታዟል።»

«ለስላሳውን ይተዉት። ተበታትነን ቀረን እንጂ ገና አልተላቀስንም። መጀመሪያ ከላላ ይውሰዱንና አብረን እናልቅስላት። ከዚያ ሁሉም ማንም ሳይጠራው ቢሮ ይገባል።»

«እኔንስ የዘይነባ እናት ያስገቡኛል?»

«እንጃ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት በቅሎዬን ጭኜ፣ የማላውቃትን የዘይነባን ልቅሶ ልደርስ ወደ ከላላ ሄድኩ።