ወሸባ የገቡት ሸክላዎች

ነይ እህተ ማርያም፣ ወዲህ ጥላው ሥር ግቢ። ሰፌድሽንም ይዘሽ መጣሽ? እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ያብዛልኝ። በርበሬውን አየሽው? ትናንት ነው ከቡሬ የመጣልኝ። ዛላው እንዴት እንደሚያምር... ዘንድሮ ዝናቡ በልክ ስለሆነለት ነው መሰል። ቀስ እያልን እንቀንጥሰው። የምፈልገው ለእሑዱ መንፈቅ የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ወንድሜ ባምላኩ ካረፈ እሑድ ስድስት ወር ይሞላዋል። ቀኑ እንዴት ይሮጣል እናንተ።

ማስክሽን አውልቂው እንጂ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ...ወይም ተይው፣ አታውልቂው። በርበሬው ራሱ ያስነጥሳል። ብቻ ሲመጣብሽ ወደ አጥሩ እንዳትዞሪ። ከአጥሩ ማዶ ጥንቁቅ ሰው አሉ። አንድ ጊዜ ካስነጠስሽ ግቢያቸውን በሙሉ በበረኪና ሊያጥቡ ነው፤ ውኃ ደግሞ እንደምታውቂው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው።

ማንን ነው የምትዪው እንዳትይኝ። ስም መጥራት አልወድም። የማወራው ስለ አንድ ጥሩ ሰው ነው። የጥሩ ሰው ስም ባይጠራ ምን ይጎድልበታል?

ያ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ሚያዝያና ግንቦት። መናኸሪያው ጭር ብሎ፣ በየበሩ ለእጅ መታጠቢያ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ተሰቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ጠፍቶ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ በኖራ ክብ ክብ ተሠርቶ በየክቡ አንድ አንድ ሰው ቆመን ስናስቀድስ... አንድ ቀን እግሬ ትንሽ ከክቡ ወጣ ቢል ማን ነበር በድምፅ ማጉያ የጠራኝ? «እናቴ፣ ሁለት ሜትር» ብለው። ቄሱ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ያን ቀን አፍሬ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እንዲያ የሚያስብልኝ ሰው ከየት ይገኛል? እናቴ ማለታቸውም እኮ በዕድሜ በዐሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ አክብሮታቸው ነው።

ድሮ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል ነበር። ያ ሰሞን ተገለበጠና ከቅርብ ጎረቤት የሩቅ ጎረቤት ተባለ። እኒያ ሰው ደግሞ ትምህርት ቶሎ ይገባቸዋል። እንደራቁ ቀሩ።

ለባምላኩ ምን ያህል ወዳጅ እንደነበሩ ታውቂያለሽ? አንቺ ገና ወደ ሰፈራችን አልመጣሽም ነበር። ወንድሜ ከጦሩ የሙዚቃ ክፍል ሲሰናበት ይዞ የመጣው አንድ ትራምፔት፣ አንድ ሸክላ ማጫወቻና አርባ አንድ የጃዝ ሸክላ ነው። ሌላው ወታደር አልጋና ብርድ ልብስ ይዞ ይገባል፤ የኛው ሸክላ ይዞ ገባ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ጃዝ ሲባል የታነቀ ዶሮ ነበር የሚመስለኝ። «ባምላኩ፣ ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ስለው፣ «አስኩ፣ አይጮህም፣ ይለምናል» ይለኛል። አስካለ ማርያም ብሎ ሙሉ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። እየቆየሁ እኔም ልመናው ይሰማኝ ጀመር። ሽሮ እያማሰልኩ ጆሮዬ ሳሎን ነው።

እኒያ ሰው ደግሞ ሸክላ ሰብሳቢ ናቸው። ባሕር ዳር ሄደው፣ አዲስ አበባ ወርደው፣ ሸክላ ፈልገው የሚያመጡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ጣታቸውንም ያጫውታሉ... ሁልጊዜ ከዜማው ትንሽ ዘግየት ብለው። ባምላኩ አንድም ቀን አላረማቸውም። «ወዳጅ ሲዘገይ ይጠበቃል» ነበር የሚለኝ።

ታዲያ ጠበቅናቸው።

ባምላኩ ሳል ይዞት ሲተኛ ሰው ሁሉ ከደጃችን ሸሸ። አልፈርድም፣ ነፍስ ናት። እኒያ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን መጡ። አዎ፣ መጡ። ሁለት ማስክ ደርበው፣ የእጅ ጓንት አጥልቀው፣ ላስቲክ ካፖርት ለብሰው። ማር ሊቆርጡ የመጡ ነው የመሰለኝ። ከበሩ ሳያልፉ ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ወንድሜ በአንድ ክርኑ ተነሥቶ ፈገግ አለ። «መጣ አይደል?» አለኝ። መጡ አልኩት። ከዚያ ምን ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው? «ሸክላዎቹን ማን ነክቷቸዋል?»

እንዴት ያለ አሳቢነት ነው። በሽተኛውንማ ማንም ይጠይቃል። ሸክላ የሚጠይቅ ወዳጅ ግን ስንት ሰው አለው?

ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ ሦስት ቀን ይቆያል፣ እኔ ወስጄ ላጽዳቸውና ንጹሕ ሲሆኑ እመልሳለሁ አሉ። ባምላኩ፣ «ስጪው አስኩ፣ ከኔ በላይ ይጠነቀቅላቸዋል» አለኝ። በሁለት ማዳበሪያ ከትቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩ። የሰርካለምን ካሴትም አብሬ ከተትኩ። እኔው ነኝ በእጄ የከተትኳት። ንጹሕ ሆና ትመለስ ብዬ።

ያችን ካሴት አታውቂያትም። ልጁ ሰርካለም አንድ ዓመት ሲሞላት ባምላኩ እዚሁ ቤት ተቀምጦ ትራምፔት ሲነፋ የቀረጻት ናት። መጀመሪያ ላይ «ሰርኬ፣ ስሚ» ይላል። ከዚያ ይነፋል። መሐል ላይ ሕፃኗ ትስቃለች፤ እሱም ሳቁ ይመጣበትና ዜማው ይሰበራል፤ እንደገና ይቀጥላል። ሌላ ቅጂ የላትም። የሷን ሳቅና የሱን ድምፅ አንድ ላይ የያዘ ነገር በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት።

በይ ያንን ሰፌድ አቀብይኝ፤ ይሄ ሞልቷል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አይደል? ሰማዩ እንኳ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም... ቆርቆሮው ድረስ ወርዶ ነበር። በማግሥቱ ብርድ ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከኛ ጓሮ ጣሪያቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀና ብል አርባ አንዱም ሸክላ በበረኪና ታጥቦ ቆርቆሮው ላይ እንደ ኩበት ተሰጥቷል። በግንቦት ፀሐይ። ያ ሰሞን ፀሐይ ኮሮና ትገድላለች ተብሎ ሁሉም ፍራሹን ሲያሰጣ አልነበር? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እሳቸው ደግሞ ቅጠሉን ትተው ማቃጠሉን ቀደሙ።

ባምላኩ ሸክላዎቹን መስኮት አጠገብ እንኳ አያስቀምጣቸውም ነበር። እኔ መሃይሟ ሸክላ ፀሐይ እንደማይወድ አውቃለሁ። ግን እኔ ማን ነኝ? እሳቸው የተማሩ፣ ሰብሳቢ፣ የኮሮና ኮሚቴ። ምሥጢር ይኖረዋል ብዬ ብርድ ልብሴን አሰጣሁ። አመሻሹ ላይ ሲያወርዷቸው አንዱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጎብጧል፣ አንዱ እንደ ኮባ ቅጠል ጠርዙ ተጠማዟል። ወጥ ቢጨለፍበት ይይዛል።

ደግሞ ፍርዳቸው ቀጥ ያለ ነው። የራሳቸውን ሸክላዎች ጣሪያ ላይ አላወጡም። የንጹሕ ሰው ሸክላ ንጹሕ ነዋ። ይኸው እስከ ዛሬ ከቤታቸው ይዘፈናል፤ ትናንትናም ሰምቼዋለሁ። ደስ ይላል። ጥርት ያለ ነው፣ አንድም ቦታ አይጎብጥም።

ካሴቷ ደግሞ በሳፋ በኦሞ ታጠበች። ካሴት ሲታጠብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አይቻለሁ። ክሩ ከውስጧ ተመዞ ወጥቶ፣ እንደ ልብስ ተጨምቆ፣ ሽቦ ላይ ተሰጣ።

ባምላኩ በአምስተኛው ቀን አረፈ። ቀብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ እንዳይገኝ ተብሎ ስለነበር፣ እኒያ ሰው ሃምሳ አንደኛው እንዳልሆን ብለው ራሳቸውን ቀነሱ። ስንቆጠር ሃያ ሦስት ነበርን። ...ሕግ አክባሪነት እንዲህ ነው።

ከመቀበሩ በፊት ናሙና ወስደውለት ነበርና፣ በተቀበረ በአራተኛው ቀን የምርመራው ውጤት መጣ። ነጻ ነው አለ። ኮሮና አልነበረበትም። የድሮ የሳምባው ነገር ነው ያሉት። ዕድሜውን ሙሉ ትራምፔት የነፋ ሳምባ... ካለመጠርጠር ይመነጠራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ለካ ሲጠረጥሩም ይመነጠራል።

ቂም ይዛለች እንዳትዪኝ። ፈርቶ ያጠፋ ሰው ይቅር ይባላል፤ ያን ጊዜ ማን ያልፈራ አለ? እኔ ራሴ የቤተ ክርስቲያን እጣን ቢያስለኝ ኮሮና ነው ብዬ ሌሊቱን ስናዘዝ አድሬያለሁ። በአርባው ሰው ልኬ ሸክላዎቹን ብጠይቅ፣ «ወሸባ ናቸው» የሚል መልስ መጣልኝ። በሰማንያውም ብጠይቅ፣ ሁለተኛ ማዕበል ይመጣል ስለሚባል ወሸባቸው ተራዝሟል። የሰው ልጅ እንኳ ዐሥራ አራት ቀን ተለይቶ ተቀምጦ ይወጣል፤ ሸክላ ስንት ቀን ነው እህተ ማርያም? አንቺ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነሽ፣ እስቲ ጠይቂልኝ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ገበያው ተከፈተ። ማንኩሳ ሠርግ ተደገሰ፣ እኒያ ሰውም በርኖስ ደርበው ሄደው ሲጨፍሩ ታዩ፤ ጣታቸውን እያጫወቱ። ወሸባው ብቻ አልተከፈተም።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሰርካለም ቅዳሜ ከዱርቤቴ ትመጣለች። ነርስ መሆኗን ነግሬሻለሁ አይደል? ለአባቷ ቀብር ያልደረሰችው ለይቶ ማቆያ ውስጥ የሰው በሽተኛ ስታስታምም ነው። በገዛ እጇ ነው ያስታመመቻቸው። እሷ እንደ አንዳንድ ሰው የተማረች ስላልሆነች አልፈራችም።

ባለፈው ስትደውል ምን አለችኝ? «አስኩዬ፣ ዝክሩን እንዳልሽ አድርጊው፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሴቷን አውጪልኝና አባባን ልስማው። እስካሁን አላለቀስኩም» አለችኝ። ስድስት ወር ሙሉ አላለቀሰችም። ድምፁን ስትሰማ ልታለቅስ አስቀምጣዋለች። ምን እላታለሁ?

እስቲ ቀና በዪ፣ በአጥሩ ላይ አሻግረሽ እዪ። ያ የተሰጣ ስንዴ ይታይሻል? ከላዩ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውስ ቡናማ ክር? ወፍ ማባረሪያ ነው። እኒያ ሰው ምንም ነገር አይጥሉም። ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ እርግቦቹ ደንግጠው ይሸሻሉ። ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ይዘምራል... ዝም በዪ እስቲ። ሰማሽ? ህምምም ይላል።

ወንድሜ ነው። ሞቶም ይነፋል።

እንግዲህ ቅዳሜ በርጩማ አወጣና እዚህ አጥሩ ሥር አስቀምጣታለሁ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ፣ ነፋስ እስኪመጣ ታገሺ፣ አባትሽ ስንዴ እየጠበቀ ነው» እላታለሁ። ሳቋም እዚያው ክሩ ላይ አለ፤ ወፎቹ የሚሸሹት አንዳንዴ ከሷ ሳቅ ነው። ሌላ የምላት ካለ ንገሪኝ።

ተሳስተሻል፣ ሌላ ክር ይሆናል ልትዪኝ ነው? እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ሐምሌ ላይ ጎርፉ በአጥሩ ሥር የካሴቷን ቀፎ አመጣልኝ። ይኸው ከኪሴ አልለየውም። የባምላኩ ጽሑፍ ነው፣ በአረንጓዴ ቀለም፦ «ለሰርኬ»። በረኪናው ይህን አላጠፋውም። ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ታዲያ አንድ ሰው አጥር ተሻግሮ፣ «እንዲህ አድርጌ አበላሸሁባችሁ፣ ፈርቼ ነው፣ ለልጅቷ እኔው ልንገራት» ቢል እኔ አስካለ ማርያም በሩን እዘጋበት ነበር? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። ...ለሰው ብዬ አይደለም። ለበርበሬው ነፋስ እንዲገባለት ነው።

ቆይ። አንቺ ነሽ ያስነጠስሽ?

አይደለሽም? እኔም አይደለሁም። ከዚያ ነው፣ ከአጥሩ ሥር። አበስኩ ገበርኩ፣ ለካ ሰው አለ። ምን ያህል ጊዜ ተቀምጠው ይሆን? በርበሬው ደርሶባቸው ነው። ይማርዎ እንጂ፣ ማን እንደሆኑ ባላውቅም ይማርዎ። አይደንግጡ፣ ኮሮና አይደለም፣ የቡሬ በርበሬ ነው።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልዎ። ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልዎ። ቀንዎ ሲደርስም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ያድርገውና፣ ለልጆችዎ የሚተዉትን ሁሉ ከደጅ ቆሞ ተቀብሎ የሚያጸዳልዎ፣ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ጥንቁቅ ወዳጅ አይንሳዎ።

አሜን በዪ እንጂ፣ እህተ ማርያም።