አውራ ዶሮው የናቃቸው ሻለቃ

ዲላ፤ ዝናብ መንገድ ዳር ባቆመው ባጃጅ ውስጥ፤ ነጂው ሽብሩ ከፊት፣ የልጅነት ጓደኛው ናሁሰናይ ከኋላ።

ናሁሰናይ፦ ማን ግባ አለህ? ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል?

ሽብሩ፦ ዘፈን ክፈት ብለህ ስልክህን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። «መኖር የሰለቸን» የሚል ግሩፕ ሲወጣ የዘፈን ርዕስ መስሎኝ ነበር። ሳነብ ስለ ሞት ነው የሚማከሩት። ስሙን ያዝኩና በራሴ ስልክ ገባሁ።

ናሁሰናይ፦ የኔ ነገር የሚገባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። አንተ ብነግርህ ትስቃለህ።

ሽብሩ፦ መቼ ነገርከኝና? ሰላም ነው ስልህ ሰላም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ናሁሰናይ፦ ተረትህን ተወውና፣ እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?

ሽብሩ፦ ሻለቃ ሆንኩ።

ናሁሰናይ፦ ስድስተኛ ክፍል ወድቀህ?

ሽብሩ፦ የውሸት ማዕረግ ፈተና የለውም። ጡረተኛ ሻለቃ ነኝ፣ አውራ ዶሮዬ ንቆኝ ጎረቤት አጥር ላይ መጮህ ከጀመረ ወዲህ መኖር አስጠልቶኛል ብዬ ጻፍኩ። ስቀው ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

ናሁሰናይ፦ እና?

ሽብሩ፦ የሳቀ የለም። አንዱ ውሳኔህን እናከብራለን አለኝ። አንዷ ቀን ቁረጥ አለችኝ፣ ሠርግ ይመስል። ሌላው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሽሮ እየበላሁ። የት ነህ፣ ማን አለህ ያለኝ የለም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ናሁ።

ናሁሰናይ፦ ሁሉም እንደዚያ አይደሉም።

ሽብሩ፦ ልክ ነህ፣ አንድ ሞኝ ነበር። ለብቻዬ ጻፈልኝ። ሻለቃ፣ እባክዎ እስከ ነገ ይቆዩኝ፣ ስለ ዶሮው ያጫውቱኝ አለ። ተሳፋሪ እየመለስኩ ዋሸሁለት። ዶሮው መነጽር ያደርጋል ብዬው አመነኝ።

ናሁሰናይ፦ መነጽሩን አላመንኩም።

ሽብሩ፦ ምን አልክ?

ናሁሰናይ፦ መነጽሩን አላመንኩም። ሰውዬውን ግን አመንኳቸው። በማግስቱ ድምፃቸው ሲጠፋ፣ አለቀላቸው ብዬ አለቀስኩ። ለራሴ እንባ ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ ለሻለቃ ግን ወረደ።

ሽብሩ፦ ...ፓኬጅ አልቆብኝ እኮ ነው።

ናሁሰናይ፦ አንተን ብሎ ሻለቃ።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ናሁ። አንተ ያለቀስክለት ሰው ይኸው ተመልሶ ፓኬጅ አልቆብኝ ነው አለህ። እኔ ላንተ ባለቅስ ማን ተመልሶ ይነግረኛል?

ናሁሰናይ፦ ...ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። ስም የለውም።

ሽብሩ፦ እኔም ስም አላወጣለትም፣ ሀኪም ያውጣለት። ነገ ጤና ጣቢያ እወስድሃለሁ፤ እዚያው ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። አሁን ዝናቡ አባርቷል፤ ቤትህ ላድርስህ?

ናሁሰናይ፦ ቤቴ አታድርሰኝ። አንተ ጋ ልደር።