የወጣት ኩላሊት

እኔና ባሌ የኤች አይ ቪ መድኃኒታችንን የምንወስደው አብረን ነው። አንድ ቀን ከሌሞ በጋሪ ሆሳዕና ሆስፒታል ገብተን የኩላሊት ምርመራ ውጤታችንን ልንሰማ ተቀመጥን። ከደማችን የተገኘው ቁጥር የሁለታችንም እኩል ነው። ሲስተር ግን ካልኩሌተሯን ነካካችና "ያንቺ ትንሽ ደከም ብሏል። የሱ ግን የወጣት ኩላሊት ነው!" ብላ ሳቀችለት። እሱም ደረቱን ነፋ። ቅናት አንገበገበኝ።

"ደማችን እኩል ሆኖ የሱ በምን በለጠ?" አልኳት።

"ስናሰላ ዕድሜና ክብደትም ይገባል፤ ሴትና ወንድም ይለያያል" ብላ ካርዱን አሳየችኝ። ዕድሜው አርባ ይላል!

"ኧረ ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው!"

እንደገና ስታሰላው ቁጥሩ ወረደ። ሳቋም ጠፋ። "መድኃኒቱ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ እንደገና ይየው" አለች። እኔን ግን ሌላ ቅናት ያዘኝ።

"ለየትኛዋ ብለህ ነው ዕድሜ የቀነስከው?"

መሬት መሬት እያየ፣ "ገና ሳንተዋወቅ፣ ካርድ ሳወጣ፣ ዕድሜህን ጮክ ብለህ ተናገር አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፍሽው አንቺ ነበርሽ" አለኝ።