የአያ እንድሪስ ቃጭል

በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ አያ እንድሪስን አገኘኋቸው። ሐርቡ አጠገብ ማሽላ የሚያርሱ፣ ነገር ቶሎ የሚገባቸው ግን ቶሎ የማይቀበሉ ሰው ናቸው። ከአንድ ሱቅ በር ላይ ቆመው ቃጭል ይመርጣሉ።

«ለላምዎ ነው?» አልኳቸው ከሰላምታ በኋላ።

«ለዝንጀሮ!»

ግልገል ዝንጀሮ በወጥመድ ይዘው ጓሮ አስረዋል። ቃጭል አንገቷ ላይ አስረው ሲለቋት መንጋው ድምፁን ፈርቶ ይሸሻል፤ እሷ ስትከተል እሱ ይሮጣል፤ ማሽላው ይተርፋል። የቆየ ዘዴ ነው።

አብራኝ የነበረችው የእኅቴ ልጅ ኢንሻራህ ግብርና ትማራለች። «አፉ ይበሉኝና አያ እንድሪስ፣ አምና ሞክረውት አልነበር?»

«ሞክሬ ነበር። ወላሂ፣ ለጥቂት ቀን ድራሻቸው ጠፋ። ኋላ እናቲቱ መጥታ ልጇን አቀፈቻት። አሁን ቃጭሉ የሚሰማኝ ከማሽላዬ መሐል ነው! የአምናው ትንሽ ስለነበር ነው፤ ዘንድሮ ትልቅ እገዛለሁ።»

ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ኢንሻራህ ግን አልሳቀችም።

«ቃጭል ቢታሰርባትም ልጇን ለየቻት ማለት ነው?»

«እንዴታ! እኔን ከሩቅ ታውቀኛለች። ማሳውን ሴት ከጠበቀች ደግሞ ንቃ ትበላለች። ብልጥ ናት እኮ!»

«ብልጥ ከሆነች፣ ዱላና ድንጋይ ወዳለበት ለምን ትወርዳለች?»

«ርቧት ነዋ።»

«ድሮ ተራራው ላይ ምን ትበላ ነበር?»

«ሾላው፣ አጋሙ… እሱንማ እኛው ከሰል አደረግነው። የተረፈውን ከብት ጋጠው።»

ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቸኩያለሁ። «ሾላው እንደገና በቅሎ እስኪያፈራ እኔ ምን ልብላ?» አሉ ሽማግሌው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር።

«እውነትዎን ነው፣ ቶሎ አይደርስም» አለች ኢንሻራህ። «እስከዚያ ከጎረቤት ጋር በተራ ትጠብቃላችሁ። ቀበሌው የከለለው ተራራ ከብት ካልገባበት ግን ሣሩ በአንድ ክረምት ይደርሳል፤ አጭደው ለላምዎ ይወስዳሉ። ቁጥቋጦው ሲመለስ ጎርፉ ማሳዎን አይጠርግም። ዝንጀሮዋም እዚያው ከጠገበች ዱላ ፍለጋ አትመጣም።»

አያ እንድሪስ አንገታቸውን ደፉ። «የምትገባበት የእኔ ላም ናት» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ እርሳቸው ትልቁን ቃጭል አንሥተው ከፈሉ። ኢንሻራህ ደነገጠች።

«አሁንም ሊያስሩላት ነው?»

«ግልገሏንማ እንደደረስኩ እለቃታለሁ። እናቷ ከቋጥኙ ላይ ሆና ስትጮህ ነው የሰነበተችው፤ አንጀቴን በላችው።» ቃጭሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ይሄ ለላሜ ነው። ወደ ተከለለው ስትገባ ልስማት።»